«በታሪክ ትክክለኛው ጎን መቆም» ሲባል ምን ማለት ነው? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በእንግሊዝኛ የፖለቲካ ንግግር እጅግ የተለመዱት «በታሪክ ትክክለኛው ጎን መቆም» እና «በታሪክ የተሳሳተው ጎን መቆም» የሚሉት አነጋገሮች ዛሬ በአማርኛ መግለጫዎች፣ በዜና ትንታኔዎችና በማኅበራዊ ሚዲያ ክርክሮችም ውስጥ በብዛት ይሰማሉ። የሚጠቀሙባቸው ሰዎች ግን ሁልጊዜ አንድ ነገር ማለታቸው አይደለም። ከዚህ በታች ስለ አባባሉ ትርጉም፣ ስለ ምንጩና ስለ አጠቃቀሙ አንባቢዎች አዘውትረው ለሚያነሷቸው ጥያቄዎች መልስ ተሰጥቷል። «ዓ.ም.» ተብሎ ካልተጻፈ በቀር ዓመቶቹ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

አባባሉ በአጭሩ ምን ማለት ነው?

«እገሌ በታሪክ ትክክለኛው ጎን ቆሟል» ሲባል፣ ዛሬ ሰዎች በሚከራከሩበት ጉዳይ ላይ እገሌ የያዘውን አቋም ነገ የሚመጣው ትውልድ ወደ ኋላ ዞሮ ሲያየው ያጸድቅለታል ማለት ነው። «በታሪክ የተሳሳተው ጎን ቆመሃል» የሚባለው ሰው ደግሞ፣ ዛሬ ሥልጣንም ሆነ ብዙ ደጋፊ ቢኖረው፣ የልጅ ልጆቹ የሚያፍሩበትን ነገር እየሠራ እንደሆነ እየተነገረው ነው።

በዚህ አነጋገር ውስጥ ሳይነገሩ የሚታለፉ ሁለት ሐሳቦች አሉ። አንደኛው፣ የነገው ትውልድ ፍርድ ከዛሬው የተሻለ ይሆናል የሚል እምነት ነው። ሁለተኛው፣ ያ ፍርድ ምን እንደሚሆን ተናጋሪው ከወዲሁ ያውቃል የሚል ነው። የመጀመሪያው ቢያከራክርም ብዙ ደጋፊ ማስረጃ ሊቀርብለት ይችላል። ጣጣው ያለው በሁለተኛው ላይ ነው።

በፖለቲካ ውስጥ እንዴት ይሠራበታል?

አብዛኛውን ጊዜ ለማስጠንቀቂያ ነው የሚውለው። በኦክቶበር 1997 የቻይናው ፕሬዚዳንት ጂያንግ ዜሚን ዋሽንግተንን ሲጎበኙ፣ በጋራ ጋዜጣዊ መግለጫው ላይ የቻይና ጦር በ1989 በቤጂንግ ቲያናንመን አደባባይ በተቃዋሚ ሰልፈኞች ላይ ስለፈጸመው ግድያ ጥያቄ ተነሣ። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን እንግዳቸው አጠገባቸው ቆመው እያዳመጡ፣ በዚህ ጉዳይ የቻይና መንግሥት ፖሊሲ በታሪክ የተሳሳተው ጎን እንደቆመ ተናገሩ። ባራክ ኦባማም በጃንዋሪ 20 ቀን 2009 በዓለ ሲመታቸው ላይ፣ በሙስና፣ በማታለልና ተቃዋሚን በማፈን ሥልጣን ላይ የሙጥኝ ላሉ መሪዎች ይህንኑ ቃል ልከዋል፤ የጨበጣችሁትን ቡጢ ከፈታችሁ ግን እጃችንን እንዘረጋለን ብለው አክለዋል።

አባባሉ ለዲፕሎማቶች የሚመችበት ምክንያት ግልጽ ነው። «አጥፍተሃል» ብሎ በቀጥታ ከመክሰስ ይለሰልሳል፤ ከሳሹንም ሆነ ዳኛውን ከክፍሉ ውጭ ያደርጋቸዋል።

«የሞራል ዓለም ቅስት ወደ ፍትሕ ያዘነብላል» ከሚለው ጋር አንድ ነው? ይህንንስ የተናገረው ማን ነው?

አንድ አይደለም፤ ሐሳባቸው ግን ይቀራረባል። «የሞራል ዓለም ቅስት ረጅም ነው፤ የሚያዘነብለው ግን ወደ ፍትሕ ነው» የሚለው ቃል ዛሬ የሚታወቀው በዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ ነው። በ2010 የዋይት ሐውስ ጽሕፈት ቤት ሲታደስ ቃሉ በኪንግ ስም በአዲሱ ምንጣፍ ጠርዝ ላይ ሲጠለፍ፣ የመጀመሪያው ባለቤት ተዘነጋ ብለው የተቹ ነበሩ። ትችታቸው ተገቢ ነበር፤ ኪንግ ራሱ ቃሉን የፈጠርሁት እኔ ነኝ አላለም።

ሐሳቡ የቴዎዶር ፓርከር ነው። ፓርከር የማሳቹሴትስ ተወላጅና የዩኒቴሪያን ሰባኪ ሲሆን፣ በ1853 በታተመ ስብከቱ ላይ የሚከተለውን የመሰለ ሐሳብ አስፍሯል፦ የሞራሉን ዓለም ተረድቼዋለሁ አልልም፤ ቅስቱ ረጅም ነው፤ ዓይኔ የሚደርሰውም እስከ ጥቂት ርቀት ብቻ ነው፤ ጉብጠቱን ለክቼ ሥዕሉን በማየት መጨረስ አልችልም፤ በሕሊናዬ ግን እገምተዋለሁ፤ ካየሁት ተነሥቼም ወደ ፍትሕ እንደሚያዘነብል እርግጠኛ ነኝ። በአጭሩ ጥቅስ ውስጥ የሌለው «አላውቅም» የሚለው ግማሹ ነው። ፓርከር የተናገረው እንደ ነቢይ ሳይሆን፣ ጥቂት አይቶ የቀረውን በእምነት እንደሚሞላ ሰው ነበር።

ሕይወቱም ቁጭ ብሎ ታሪክን የሚጠብቅ ሰው ሕይወት አልነበረም። በ1850 የአሜሪካ ምክር ቤት ያመለጡ ባሮች ወደ ጌቶቻቸው እንዲመለሱ የሚያስገድድ ሕግ ሲያወጣ፣ ከጆርጂያ አምልጣ ቦስተን የገባችውን ኤለን ክራፍትን ፓርከር በገዛ ቤቱ ሸሸጋት። በዚያ ወቅት ስብከቱን ሲጽፍ የተሞላ ሽጉጥ በጽሕፈት ጠረጴዛው ውስጥ አስቀምጦ እንደነበር ራሱ ለፕሬዚዳንት ፊልሞር ጽፏል። ኋላም ጆን ብራውን ባርነትን ለማጥፋት ያስነሣውን የትጥቅ ዐመፅ በገንዘብ ከደገፉት ስድስት ሰዎች አንዱ ሆነ። በሜይ 1860 ፍሎረንስ ላይ ሲሞት ግን የእርስ በርሱ ጦርነት አልተጀመረም፤ በአሜሪካም ወደ አራት ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች በባርነት ላይ ነበሩ።

እዚህ ላይ አንድ የማይመች እውነት መጨመር ያስፈልጋል። ይኸው ባርነትን በቆራጥነት የታገለው ሰው፣ የአንግሎ ሳክሰን ዘር ከሌሎች ይበልጣል የሚል እምነት ነበረው። ቅስቱን አይቶ የመሰከረው ሰው ራሱ ከቅስቱ ጫፍ ሩቅ ነበር።

ኪንግ ጊዜ በራሱ ፍትሕን ያመጣል ብሎ ያምን ነበር?

በፍጹም። አባባሉን ቁጭ ብሎ ለመጠበቅ ሰበብ የሚያደርጉ ሰዎች በጣም የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ኪንግ በኤፕሪል 1963 በርሚንግሃም እስር ቤት ሆኖ ለነጭ ቀሳውስት በጻፈው ደብዳቤ፣ ጥቁሮች ጊዜው እስኪደርስ ይታገሡ የሚለውን ምክር ተንትኖ አፍርሶታል። በጊዜ ጉዞ ውስጥ ክፉውን ሁሉ የሚፈውስ አንዳች ነገር አለ ማለት ምክንያት የለሽ እምነት ነው፤ ጊዜ በራሱ ገለልተኛ ነው፤ ለማነጽም ለማፍረስም ይውላል፤ የሰው ልጅ መሻሻል የማይቀር ዕጣ ሆኖ ከቶ አይመጣም፤ የሚመጣው በማይታክቱ ሰዎች ጥረት ነው ሲል ሞግቷል።

ስለ ቅስቱ የተናገረበትን ቀን ቀረብ ብሎ ማየቱም ነገሩን ያብራራል። በማርች 7 ቀን 1965 የመምረጥ መብት ጠይቀው ከሰልማ ወደ ሞንትጎመሪ የተነሡ ሰልፈኞች በኤድመንድ ፔተስ ድልድይ ላይ በፖሊስ ቆመጥና በአስለቃሽ ጭስ ተደበደቡ። በዚያው ወር 25ኛ ቀን ሰልፈኞቹ በፌዴራል ወታደሮች ጥበቃ ሞንትጎመሪ ሲደርሱ፣ ኪንግ በአላባማ ግዛት ምክር ቤት ደጃፍ ቆሞ «እስከ መቼ?» እያለ ጠየቀ፤ «ብዙ አይቆይም» እያለም መለሰ፤ ቅስቱንም ያነሣው በዚህ መካከል ነው። በዚያው ዕለት ማታ ከዲትሮይት መጥታ ሰልፈኞችን በመኪናዋ ስታመላልስ የዋለችው የአምስት ልጆች እናት ቪዮላ ሊዩዞ ኩ ክሉክስ ክላን በተባለው የነጭ ዘረኞች ቡድን አባላት ተተኩሶባት ሞተች። የመምረጥ መብት ሕጉ የተፈረመው በኦገስት 6 ነው። ሕጉን ያመጣው የታሪክ ጉዞ ነው የሚል ሰው ቢኖር፣ በእነዚያ አምስት ወራት ውስጥ ማን ምን እንደከፈለ ዘንግቶ ነው።

የሞራል መሻሻል ወደ ፊት ብቻ ነው የሚሄደው?

የዚያው የአሜሪካ ታሪክ አይደለም ይላል። ባርነት በ1865 በሕገ መንግሥት ማሻሻያ ተሻረ። በ1870 ዘርን ምክንያት አድርጎ የመምረጥ መብትን መንፈግ ተከለከለ፤ በዚያው ዓመት ሃይራም ሬቭልስ ሚሲሲፒን ወክሎ የመጀመሪያው ጥቁር ሴናተር ሆነ። በዚያን ጊዜ የኖረ ሰው ነገሩ አበቃለት፣ ከእንግዲህ ወደ ኋላ የለም ቢል ማን ይፈርድበታል? ነገር ግን በ1877 የፌዴራሉ ጦር ከደቡብ ወጣ። በ1890 ያው የሬቭልስ ግዛት ሚሲሲፒ በምርጫ ግብርና በንባብ ፈተና ጥቁሮችን ከምርጫ የሚያስወጣ ሕገ መንግሥት አጸደቀ። በ1896 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዘርን መለያየት ሕጋዊ ነው ብሎ ፈረደ። ስለዚህ በ1870 ተወልዶ ዕድሜ የጠገበ አንድ የሚሲሲፒ ጥቁር ዜጋ፣ ሕይወቱን በሙሉ ያየው ወደ ኋላ የሚሄድን ታሪክ ነው። ቅስቱ ረጅም ነው ማለት ለእርሱ ምን ያህል መጽናኛ ይሆነዋል?

ከኢትዮጵያ ታሪክ ጋር የሚገናኝ ምሳሌ አለ?

አለ፤ ምናልባትም በዓለም ከሚጠቀሱት ምሳሌዎች ሁሉ ግልጹ ነው። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጄኔቭ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ጉባኤ ፊት ቀረቡ። ገና ንግግር ሲጀምሩ በጋዜጠኞች ሰገነት የነበሩ ጣልያኖች በፉጨትና በጩኸት ሊያስቆሟቸው ሞከሩ፤ የሩማንያው ተወካይ ቲቱሌስኩ ተቆጥተው እነዚህን አረመኔዎች አስወጡልን አሉ፤ ፖሊስም አስወጣቸው። ንጉሠ ነገሥቱ በአማርኛ ያቀረቡት ንግግር ልመና ከሚባል ይልቅ የምስክር ቃል ቢባል ይሻላል፦ ዘጠኝ፣ ዐሥራ አምስት፣ ዐሥራ ስምንት ሆነው የሚከታተሉ አውሮፕላኖች የሚረጩት መርዝ እንደ ጉም ተያይዞ ወታደሩንም፣ ሴቱንም፣ ከብቱንም፣ ወንዙንም፣ ግጦሹንም እንዴት እንደሸፈነው ዘረዘሩ። ኢጣልያ በጦርነት የመርዝ ጋዝን የሚከለክለውን የ1925ቱን የጄኔቭ ስምምነት ያጸደቀች አገር ነበረች። ንግግራቸውም፣ ጉባኤው የሚሰጠውን ፍርድ እግዚአብሔርና ታሪክ ሲያስታውሱት ይኖራሉ የሚል ማስጠንቀቂያ ይዞ ነበር።

የዚያን ጊዜ «ተግባራዊ» የሚባሉት ሰዎች በሌላ ወገን ነበሩ። በኋላ የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት ኔቪል ቼምበርሌን ከንግግሩ ሦስት ሳምንት ቀደም ብለው፣ በኢጣልያ ላይ የተጣለው ማዕቀብ ይቀጥል ማለት የለየለት እብደት ነው ብለው ነበር። ማዕቀቡም በጁላይ ወር ተነሣ። ብሪታንያ በ1938 የኢጣልያን ይዞታ በሕግ ዐወቀች። ዕውቅና ከከለከሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ሜክሲኮ ነበረች፤ በአዲስ አበባ ሜክሲኮ አደባባይ የሚባለው ስም የመጣው ከዚያ ነው፤ ታክሲ ለመያዝ በየቀኑ የሚጋፋበት ሰው ስሙ ከየት እንደመጣ ባያስበውም። በለንደን ደግሞ እንግሊዛዊቷ የሴቶች መብት ታጋይ ሲልቪያ ፓንክኸርስት በሜይ 1936 ስለ ኢትዮጵያ የሚሟገት ሳምንታዊ ጋዜጣ አቋቁማ፣ ሰሚ በጠፋበትም ጊዜ ሃያ ዓመት አሳተመችው። በ1960 አዲስ አበባ ላይ ዐርፋ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀብራለች።

እስከዚህ ድረስ ታሪኩ ለአባባሉ ይመቸዋል። ነገር ግን ሁለት ነገሮችን አልፎ መሄድ አይገባም። የመጀመሪያው፣ ወራሪውም የሚናገረው በታሪክና በሥልጣኔ ስም መሆኑ ነው። ኢጣልያ በሴፕቴምበር 1935 ለማኅበሩ ባቀረበችው ሰነድ፣ ኢትዮጵያ ባርነት ያልጠፋባት አገር ስለሆነች ከሠለጠኑት ጋር እኩል መቀመጥ የለባትም ስትል ተከራክራለች። ባርነት በአገሪቱ መኖሩ እውነት ነበር፤ ቁርጥ ባለ አዋጅ የታገደው በ1934 ዓ.ም. ነው። በውሸት ብቻ የተሞላ ክስ ቢሆን ኖሮ ብዙ አውሮፓውያንን ባላሳመነ ነበር። በእውነተኛ ጉድለት ላይ የተመሠረተ የሥልጣኔ ስብከት ለመርዝ ጋዝ መንገድ ጠራጊ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር የለም።

ሁለተኛው፣ በጄኔቭ እውነቱ ከእርሳቸው ጋር የነበረው ንጉሠ ነገሥት መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋናቸው ሲወርዱ፣ በወሎ ሕዝብ በረኀብ ሲያልቅ ምን አደረጉ የሚል ክስ ነበር የቀረበባቸው። ሰው በአንድ ጉዳይ ትክክል መሆኑ በሁሉም ጉዳይ ትክክል አያደርገውም። «በታሪክ ትክክለኛው ጎን» የሚለው አነጋገር ግን ሰውን ጠቅልሎ በአንድ ወገን የማሰለፍ ዝንባሌ አለው።

በመጨረሻው ቀን ፍርድ ከማመን በምን ይለያል?

በዳኛው ይለያል። በክርስትናም ሆነ በእስልምና የመጨረሻው ፍርድ የፈጣሪ ነው፤ የተሰወረውን ሁሉ ያውቃል፤ ማንም አያታልለውም። ጀርመናዊው ባለቅኔ ሺለር በ18ኛው መቶ ዘመን የዓለም ታሪክ የዓለም ፍርድ ቤት ነው ሲል ጻፈ፤ ፈላስፋው ሄግልም አባባሉን ወስዶ የራሱ አደረገው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰዎች በፈጣሪ ወንበር ላይ ታሪክን አስቀምጠዋል። ታሪክ ግን አያይም፣ አይሰማም፣ አይፈርድም። የሚፈርዱት ከእኛ በኋላ የሚመጡ ሰዎች ናቸው፤ እነርሱም እንደ እኛው የራሳቸው ወገንተኝነት፣ የራሳቸው ድንቁርናና የራሳቸው ጥቅም ይኖራቸዋል። ንጉሠ ነገሥቱ በጄኔቭ «እግዚአብሔርና ታሪክ» ብለው ሁለቱን ለይተው መጥራታቸው ከዚህ አንጻር ሲታይ ጥንቃቄ ያለበት ነው።

ማርክሲስቶች «ታሪክ ከእኛ ጋር ነው» ይሉ የነበረውስ?

እነርሱ ከሁሉም በላይ ተማምነውበታል። ለዘብተኛ የዛሬ ተናጋሪ ተስፋ ብሎ የሚያቀርበውን እነርሱ ሕግ አድርገውት ነበር፤ ኅብረተሰብ ከፊውዳሊዝም ወደ ካፒታሊዝም፣ ከዚያም ወደ ሶሻሊዝም መሸጋገሩ አይቀሬ ነው ይሉ ነበር። ከሩሲያ አብዮት መሪዎች አንዱ የነበረው ትሮትስኪ በ1917ቱ አብዮት ሌሊት ስብሰባ ረግጠው የወጡትን የተቀናቃኝ ሶሻሊስት ቡድን አባላት፣ ሜንሼቪኮችን፣ ወደ ታሪክ የቆሻሻ መጣያ ሂዱ ብሎ ሸኛቸው፤ እርሱ ራሱ በ1929 ከሶቪየት ኅብረት ተባርሮ በ1940 ሜክሲኮ ውስጥ ተገደለ። የሶቪየት መሪ ክሩሽቼቭ በኖቬምበር 1956 ለምዕራባውያን አምባሳደሮች፣ ወደዳችሁም ጠላችሁም ታሪክ ከእኛ ጋር ነው፣ እንቀብራችኋለን አሏቸው። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬገን በ1982 ለብሪታንያ ምክር ቤት ሲናገሩ ይህንኑ ቃል ገልብጠው፣ በታሪክ የአመድ ክምር ላይ የሚጣለው ማርክሲዝም ሌኒኒዝም ነው አሉ። በ1991 ሶቪየት ኅብረት ስትፈርስ የሬገን ትንበያ ሠመረ፤ የትንበያው መሳካት ግን ተንባዩን በሌላው ሁሉ ትክክል አያደርገውም።

ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች ይህ ሩቅ ታሪክ አይደለም። «ተራማጅ» እና «አድኃሪ» የሚሉት ቃላት ታሪክ ወደ አንድ አቅጣጫ ይሄዳል ከሚል እምነት የወጡ ናቸው፤ አንዱ ከጉዞው ጋር የሚራመድ፣ ሌላው ወደ ኋላ የሚጎትት ማለት ነው። ደርግም፣ ኢሕአፓም፣ መኢሶንም በዚህ ቋንቋ ይናገሩ ነበር፤ እያንዳንዳቸውም የታሪክ ሕግ ከእነርሱ ጋር እንደሆነ አልተጠራጠሩም። ታሪክ የፈረደበትን ሰው መግደል ግድያ ሳይሆን የማይቀረውን ማፋጠን ይመስላል። በቀይ ሽብር ዘመን ይህ አስተሳሰብ ምን እንዳደረሰ በየቤቱ ያልተነገረ ስለሌለ እዚህ መዘርዘር አያስፈልግም። በአዲስ አበባ ቆሞ የነበረው የሌኒን ሐውልትም በግንቦት 1983 ዓ.ም. ተገንድሷል።

አባባሉን የሚነቅፉ ምሁራን ዋናው ክርክራቸው ምንድን ነው?

እንግሊዛዊው የታሪክ ምሁር ኸርበርት ባተርፊልድ በ1931፣ ያለፈውን ዘመን ሁሉ ወደ እኛ ለመድረስ እንደተደረገ ጉዞ አድርጎ መጻፍ ስሕተት መሆኑን አሳይቷል። እንዲህ ያለው ጸሐፊ ያለፉትን ሰዎች የእኛ ደጋፊና የእኛ ተቃዋሚ ብሎ ለሁለት ይከፍላቸዋል፤ የታገሉለትን ነገር ግን ሳይረዳው ያልፋል። «የታሪክ ትክክለኛው ጎን» ይህንኑ ስሕተት ወደፊት ያዞረዋል፤ ገና ያልተጻፈውን ታሪክ እንደተጻፈ ይቆጥረዋል።

ከንድፈ ሐሳቡ ይልቅ የሚያሳምነው ግን ምሳሌው ነው። በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በአሜሪካ «የሰውን ዘር ማሻሻል» የሚል እንቅስቃሴ ነበር። ደጋፊዎቹ ኋላ ቀር የሚባሉ ሰዎች አልነበሩም፤ የታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች ሳይንቲስቶች፣ ሐኪሞችና የማኅበራዊ ለውጥ አራማጆች ነበሩበት። ኢንዲያና በ1907 «ብቁ ያልሆኑ» የተባሉ ሰዎች በግዳጅ እንዲመክኑ የሚፈቅድ ሕግ በማውጣት የመጀመሪያዋ ሆነች። በ1927 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ኬሪ ባክ የተባለች የቨርጂኒያ ወጣት እንድትመክን ስምንት ለአንድ በሆነ ድምፅ ፈቀደ፤ ፍርዱን የጻፉት በዘመኑ እጅግ ከሚከበሩት ዳኞች አንዱ ኦሊቨር ዌንደል ሆምስ ነበሩ። በልዩነት የወጡት ብቸኛ ዳኛ ፒርስ በትለር ምክንያታቸውን እንኳ አልጻፉም። በተለያዩ ግዛቶች እንዲህ በግዳጅ የመከኑት ሰዎች ቁጥር ከ60,000 በላይ ይገመታል። ዋና ተቃዋሚ የነበረችው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሳይንስን የማትቀበል ተብላ ተነቅፋለች።

በ1927 አንድ የተማረ አሜሪካዊ «የነገው ትውልድ ለማን ይፈርዳል?» ተብሎ ቢጠየቅ፣ ለሆምስ ነው ብሎ ያለ ጥርጥር ይመልስ ነበር። ዛሬ ፍርዱ የሚጠቀሰው ለኀፍረት ነው። በጊዜው ትክክለኛውን መልስ ለማግኘት የወደፊቱን ማወቅ አላስፈለገም፤ ኬሪ ባክ ምን እንደተደረገባት ማየት ይበቃ ነበር።

በአማርኛ ተመሳሳይ አነጋገር አለን?

«ታሪክ ይፍረደን»፣ «የታሪክ ተወቃሽ እንዳትሆኑ»፣ «ከታሪክ ተጠያቂነት አያመልጡም» የሚሉት በጣም ይቀርቡታል። ልዩነታቸው ፍርዱን ለወደፊቱ መተዋቸው ነው፤ የእንግሊዝኛው አባባል ግን ፍርዱ እንደተሰጠ አድርጎ ይናገራል። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ደግሞ ሌላ ነገር ነው የሚናገረው፤ የተሸፈነ ነገር መገለጡ አይቀርም ይላል እንጂ፣ ሰው ከዘመን ወደ ዘመን እየተሻለው ይሄዳል አይልም።

ታዲያ አባባሉን ጭራሽ መጠቀም የለብንም?

እንዲህ ማለት ማጋነን ነው። ለተጨቆነ ሰው፣ ብቻህን አይደለህም፣ ዛሬ ብትሸነፍም ነገር አላበቃም የሚል ብርታት ይሰጣል፤ ፓርከርም ኪንግም የተጠቀሙበት ለዚህ ነው። ሥልጣን ላለውም፣ ዛሬ የሚያጨበጭቡልህ ሰዎች ነገ አይኖሩም የሚል ተገቢ ማሳሰቢያ ይሆናል። በክርክር ውስጥ በምክንያት ቦታ ሲገባ ግን ምንም አያስረዳም። አንድ ሰው አቋምህ በታሪክ የተሳሳተው ጎን ነው ቢልህ፣ ጉዳዩ ራሱ ምን ስሕተት እንዳለበት፣ ማን እንደተበደለና በደሉ በምን እንደሚታወቅ መጠየቅ ተገቢ ነው። መልስ ካለው ያን መልስ ከመጀመሪያው መናገር ይችል ነበር፤ ታሪክን መጥራት አያስፈልገውም። መልስ ከሌለው ደግሞ የተናገረው «አሸናፊው ወገን እኛ ነን፣ ሳይመሽብህ ተቀላቀል» የሚል ነው፤ ይህን በ1936 በኢጣልያ ላይ የተጣለው «ማዕቀብ ይነሣ» ባዮችም ይሉት ነበር።

ስለ ራስ «በታሪክ ትክክለኛው ጎን ቆሜያለሁ» ማለት ይቻላል?

መናገሩን ማንም አይከለክልም፤ ነገር ግን አባባሉ ሌላው ሰው ስለ እኛ፣ ያውም ዘመናት ካለፉ በኋላ ቢናገረው ይሻላል። በፌብሩዋሪ 2011 የግብፁ ፕሬዚዳንት ሆስኒ ሙባረክ ከሥልጣን በወረዱ በቀናት ውስጥ፣ ፕሬዚዳንት ኦባማ የግብፅን ሁኔታ በተመለከተ አስተዳደራቸው በየምዕራፉ በታሪክ ትክክለኛው ጎን እንደቆመ ታሪክ ይመዘግባል ብለው ነበር። ሁለት ዓመት ተኩል ሳይሞላ፣ በጁላይ 2013፣ የግብፅ ጦር የተመረጡትን ፕሬዚዳንት መሐመድ ሙርሲን ከሥልጣን አወረደ። የኦባማ አስተዳደርም ድርጊቱ መፈንቅለ መንግሥት ነው ወይስ አይደለም ለሚለው ጥያቄ መልስ ላለመስጠት ወሰነ፤ ነው ቢል የአሜሪካ ሕግ ለግብፅ የሚሰጠውን ርዳታ እንዲያቋርጥ ያስገድደው ነበር።